የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን እና ኢንሹራንስ በአሜሪካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ራሴ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ማሳነሻ ኦፕራሲዮን ካሠራሁ ወዲህ ወዳጅ ዘመድ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ኢንሹራንስ ይህን ኦፕራሲዮን በእውነት ይከፍላል?

ብዙዎቹ ይከፍላሉ። ሁሉም ግን አይደሉም። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ከ2006 ጀምሮ በመላው አገሪቱ ይሸፍናል። የአብዛኞቹ ስቴቶች ሜዲኬይድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ይሸፍናል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል። በሥራ የሚገኝ ኢንሹራንስ እንደ ቀጣሪው ነው። ማርኬትፕሌስ (በመንግሥት የተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ) ላይ የገዛችሁት ከሆነ ደግሞ የምትኖሩበት ስቴት ይወስነዋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኢንሹራንሱ ጋ ተቀምጦ የሚወስነው ሰው እናንተን አያያችሁም። ደረጃ ስትወጡ ስታለከልኩ አያይም፤ የጉልበታችሁን ሕመም አያውቅም። የሚያየው የተላከለትን ወረቀት ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል የወረቀት ጉዳይ ነው።

የኔ ፕላን መሸፈን አለመሸፈኑን እንዴት አውቃለሁ?

ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ወዳለው ቁጥር ደውሉ። "የክብደት ኦፕራሲዮን ትከፍላላችሁ ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ስልኩን ያነሳው ሰው "ሐኪምዎ ያስፈልጋል ካሉ" ብሎ ይሸኛችኋል። በኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሕክምና በተሰጠው ቁጥር፣ ጠይቁ። ስሊቭ፣ ማለትም አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ ቀሪውን እንደ ሙዝ የሚያቀጥነው፣ ኮዱ 43775 ነው። ባይፓስ፣ ማለትም ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘው፣ 43644 ነው። "ይህ ኮድ በኔ ፕላን ይሸፈናል? ኤክስክሉዥን አለበት? ቅድመ ፈቃድ ለመስጠት የምትፈልጉትን ዝርዝር በጽሑፍ ላኩልኝ" በሉ። ኤክስክሉዥን ማለት ፕላኑ ጭራሽ አልከፍልም ብሎ ያስቀረው ነገር ነው። ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን መለያ ቁጥር ጻፉ።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አማርኛ እንደምትፈልጉ ብቻ ንገሯቸው፤ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኟችኋል። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የ12 ዓመት ልጅ የኢንሹራንስ ቋንቋ ሊያምታታ ይችላል፤ በዚያ ላይ የእናቱን ኪሎ ለማያውቀው ሰው ሲናገር መዋል የለበትም።

ጓደኛዬ ያው የኔው ኢንሹራንስ ነው ያላት። እሷ ተፈቀደላት፣ እኔ ለምን ተከለከልኩ?

ካርዱ ላይ ያለው ስም አንድ ቢሆንም ፕላኑ አንድ ላይሆን ይችላል። ትልልቅ ቀጣሪዎች ብዙውን ጊዜ የሠራተኛውን ሕክምና ከራሳቸው ኪስ ነው የሚከፍሉት። ኢንሹራንሱ ወረቀቱን ብቻ ያንቀሳቅስላቸዋል። ይህ "ሰልፍ ፈንድድ" ይባላል። እንዲህ ያለው ፕላን በ1974ቱ የፌዴራል ሕግ፣ በኤሪሳ፣ ስለሚተዳደር የስቴት የኢንሹራንስ ግዴታ አይነካውም። ቀጣሪው "የክብደት ኦፕራሲዮን አልከፍልም" ካለ አለ ነው።

ስቴትም ለውጥ ያመጣል። ሜሪላንድ ውስጥ በስቴቱ ሕግ ሥር ያሉ ፕላኖች ለከፍተኛ ውፍረት የሚደረግን ቀዶ ጥገና እንዲሸፍኑ ይገደዳሉ። ቨርጂኒያ ላይ ሕጉ ኢንሹራንሶቹን የሚያስገድዳቸው ሽፋኑን እንዲያቀርቡ ነው፤ መግዛት አለመግዛቱ የቀጣሪው ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትሠራውና ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትሠራው ሁለት እህትማማቾች የተለያየ መልስ ቢያገኙ አይግረማችሁ።

ኤች አር (የመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ኃይል ክፍል) ሄዳችሁ "ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሆነና ኤክስክሉዥን ካለበት፣ ለቀጣዩ ዓመት እንዲነሳ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥያቄው ከሁለት ከሦስት ሠራተኛ ሲመጣ የበለጠ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ኦፕን ኢንሮልመንት (የዓመቱ የፕላን መምረጫ ጊዜ) ሲከፈት ሌላ ፕላን ካለም ከመምረጣችሁ በፊት ያንኑ ኮድ ይዛችሁ ጠይቁ።

ስንት ኪሎ መሆን አለብኝ?

በኪሎ ብቻ አይደለም፤ በቢኤምአይ ነው። ክብደታችሁን በኪሎ ወስዳችሁ በቁመታችሁ፣ በሜትር፣ ሁለቴ ታካፍላላችሁ። የተለመደው መስፈርት ወይ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይ ደግሞ 35 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ተጓዳኝ በሽታ ያለው ነው። 1.60 ሜትር ለሆነች ሴት 35 ማለት 90 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም 198 ፓውንድ ነው። 40 ማለት ደግሞ 102 ኪሎ ተኩል ገደማ ወይም 226 ፓውንድ ነው። ሜዲኬር ከ35 በላይ ሆኖ ቢያንስ አንድ ተጓዳኝ በሽታ ይፈልጋል፤ 40 ብትሆኑም በሽታው መኖር አለበት።

ይህ መስፈርት የወጣው በ1991 ነው። የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት በ2022 አሻሽለውት፣ ከ35 በላይ ለሆነ ሰው በሽታ ባይኖረውም ኦፕራሲዮኑን ይመክራሉ። ብዙ ኢንሹራንሶች ግን አሁንም በአሮጌው ነው የሚሠሩት። ሐኪማችሁ "ትችያለሽ" ብሎ ኢንሹራንሱ "አትችይም" ቢል ልዩነቱ የሚመጣው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

ቁመታችሁን ደግሞ ጫማ አውልቃችሁ ተለኩ። ይህን ስል ይስቁብኛል። ግን 34.8 እና 35.1 መካከል ያለው ልዩነት የጫማ ተረከዝ ሊሆን ይችላል።

ተጓዳኝ በሽታ የሚሉት የትኛውን ነው?

ዋና ዋናዎቹ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት በሽታ)፣ የልብ ሕመምና በጉበት ላይ የሚጠራቀም ስብ ናቸው። አንዳንዱ ፕላን የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመምንም ይቆጥራል።

እኛ ሐበሾች በብዛት የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው። ግፊት አለብን፤ ግን "ኪኒን አልጀምርም፣ በነጭ ሽንኩርት ነው የማወርደው" እንላለን። መዝገባችን ላይ ግን ምንም የለም። ባል "እንደ ትራክተር ታንኮራፋለች" ማለቱም ማስረጃ አይሆንም። ስሊፕ አፕኒያ የሚረጋገጠው በእንቅልፍ ምርመራ ነው፤ አሁን ብዙ ቦታ ማሽኗን ቤት ወስዶ በአንድ ሌሊት መጨረስ ይቻላል። ያለባችሁን ነገር ሁሉ ቀድማችሁ አስመርምሩና ፋይላችሁ ላይ ይግባ።

"የስድስት ወር ዳይት" የሚባለው ምንድነው?

ብዙ ፕላኖች ኦፕራሲዮኑን ከመፍቀዳቸው በፊት በሐኪም ወይም በዳይቲሺያን (የአመጋገብ ባለሙያ) ክትትል ለመቀነስ መሞከራችሁን ማየት ይፈልጋሉ። አንዱ ሦስት ወር ይላል፣ ሌላው ስድስት፣ ዓመት የሚልም አለ። ጭራሽ የማይጠይቁም አሉ። በየወሩ መሄድ ነው። በየቀጠሮው ክብደት ይለካል፣ ስለ ምግብና እንቅስቃሴ የተነጋገራችሁት ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ ወሮቹ ተከታታይ መሆን አለባቸው፤ አንድ ወር ከዘለላችሁ "ከዜሮ ጀምሪ" ሊሏችሁ ይችላሉ። ስለዚህ አገር ቤት ለመሄድ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ቁጠሩ።

የኔን ልንገራችሁ። ስድስቱንም ወር ሳላጓድል ሄድኩ። በረዶ ሲጥልም ሄጃለሁ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ ተከልክያለሁ። ምክንያቱ የአራተኛው ወር ክብደት የለም የሚል። እኔ ደግሞ ሚዛኑ ላይ መቆሜን፣ ነርሷም ቁጥሩን ጮክ ብላ ማንበቧን አስታውሳለሁ! ለካ ክሊኒኩ የላከው የሐኪሙን ገጽ ብቻ ነው። ክብደቱ የተጻፈበት የነርሷ ገጽ ቀርቷል። ለአንድ ገጽ ብዬ ሁለት ወር ተጉላላሁ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ የዚያን ቀን መዝገብ ከፔሸንት ፖርታል (የክሊኒኩ የታካሚዎች ድረ ገጽ) ላይ አውርዳችሁ እዩ። ክብደቱ አለ? ስለ ዳይት የተነጋገራችሁት አለ? ከሌለ በማግሥቱ ደውላችሁ አስሞሉ።

ምግብሽን በየቀኑ ጻፊ አሉኝ። እንጀራና ሽሮን እንዴት እጽፋለሁ? ጾምስ?

እንደሆነው ጻፉት። "አበሻ ምግብ በላሁ" ብሎ መጻፍ ግን ዋጋ የለውም። "ግማሽ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት" በሉ። ዳይቲሺያኗ ጤፍን ላታውቅ ትችላለች፤ የእንጀራውን ስፋት በእጃችሁ ብታሳይዋት ወይም ፎቶ ብትይዙ ይገባታል። ዘይቱን አትደብቁ፤ የጾም ወጥ ላይ የሚፈሰውን ዘይት መጀመሪያ ያየሁት ስለካው ነው። ጉርሻም ይጻፋል፣ አዎ።

ጾሙን ከመጀመሪያው ንገሯቸው። የሁዳዴ 55 ቀን ክትትላችሁ መሀል ከገባ፣ ሳይነግሯቸው ሥጋና ወተት ቢጠፋ ዳይቲሺያኗ "የምግብ ዕቅዱን አልተከተለችም" ብላ ልትጽፍ ትችላለች። ያ ዓረፍተ ነገር ኢንሹራንሱ ጋ ይሄዳል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይፈለጋል። ያን በምስር፣ በሽምብራ፣ በቶፉና በአተር ፕሮቲን ዱቄት እንዴት እንደምትሞሉ ቀድማችሁ ከሷ ጋር አውጡ። ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ከንስሐ አባታችሁ ጋርም ተነጋገሩ። ረመዳን የምትጾሙም ያው ነው፤ ለናንተ ደግሞ ውኃው ነው ትልቁ ጥያቄ።

የአእምሮ ምርመራ ለምን ይጠይቁኛል?

እብድ ናት ሊሉ አይደለም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ መረዳታችሁን፣ ያልታከመ ከባድ ድብርት ወይም ሱስ አለመኖሩን ለማየት ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ድብርት አለብኝ ማለት ብቻውን አያስከለክልም። የሚታከም ድብርት ከተደበቀ ድብርት ይሻላል።

ሲጋራ ግን ብዙ ቦታ ያስከለክላል። ደምና ሽንት ተመርምሮ ኒኮቲን ይታያል። ሺሻ ሲጋራ አይደለም የምትሉ፣ ለምርመራው ያው ነው።

በክትትሉ ጊዜ ክብደቴ ከቀነሰ "አሁን አያስፈልግሽም" አይሉኝም?

ይህ የሁሉም ፍርሃት ነው። እውነት ለመናገር መልሱ በፕላኑ ላይ ይንጠለጠላል። ብዙዎቹ የሚያዩት ፕሮግራሙን ስትጀምሩ የነበረውን ቢኤምአይ ነው፤ መቀነሳችሁን እንደ ጥሩ ምልክት ይወስዱታል። አንዳንዶች ግን ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ያለውን ያያሉ። 35 ወይም 40 አካባቢ ያላችሁ፣ ፖሊሲያቸው "መቼ የተለካ" እንደሚል በጽሑፍ እስኪልኩላችሁ ጠይቁ።

ለማለፍ ሲባል ሆን ብሎ መወፈርን የሚመክሩ አሉ። አትስሟቸው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ክብደት መጨመር ብቻውን የሚያስከለክልባቸው ፕላኖች አሉ።

"መጀመሪያ መርፌውን ሞክሪ" ቢሉኝስ?

ኦዜምፒክና ዌጎቪ የሚባሉት ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎች ከመጡ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። አንዳንዱ ፕላን መርፌውን ይከፍልና ኦፕራሲዮኑን አይከፍልም፤ ሌላው ተቃራኒው ነው። ብዙ ቀጣሪ የመርፌው ወጪ ከብዶት ለውፍረት መክፈል አቁሟል። መርፌ ሞክራችሁ ካልሆነላችሁ፣ ወይም ስታቆሙ ክብደቱ ከተመለሰ፣ መቼ ጀምራችሁ መቼ እንዳቆማችሁና ለምን እንደሆነ ሐኪማችሁ ይጻፈው። "ሞክሬ አልሆነም" የሚለውን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች አንዱ ይሆናችኋል።

ከተፈቀደ በኋላ ከኪሴ ስንት ይወጣል?

ተፈቀደ ማለት ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። ዲዳክቲብላችሁ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት፣ 2,000 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ የናንተ ድርሻ 20 በመቶ ነው እንበል። ኢንሹራንሱና ሆስፒታሉ የተስማሙበት ዋጋ 20,000 ከሆነ፣ 2,000ውን ትከፍላላችሁ፣ ከቀሪው 18,000 ላይ ደግሞ 3,600። ድምሩ 5,600 ዶላር ነው። ለዚህም ጣሪያ አለው፤ ለምሳሌ በ2025 ለአንድ ሰው በፌዴራል ደረጃ የተቀመጠው የዓመት ጣሪያ 9,200 ዶላር ነበር። ኤችኤስኤ ወይም ኤፍኤስኤ (ከታክስ ነፃ የሆነ የሕክምና ገንዘብ ሂሳብ) ካላችሁ ለዚህ መጠቀም ይቻላል።

ዲዳክቲብል በአብዛኛው ጥር 1 ቀን በፈረንጆቹ ከዜሮ ይጀምራል። የዓመቱን ከሞላችሁ ኦፕራሲዮኑን የፈረንጆቹ ታኅሣሥ ከማለቁ በፊት ለማስገባት ሞክሩ፤ ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ግን ቀጠሮው ይጣበባል። ሆስፒታሉ በኔትወርክ ውስጥ (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው) ሆኖ ማደንዘዣ የሰጠው ሐኪም ከውጪ ቢሆን፣ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ባልጠበቃችሁት ቢል እንዳትመቱ ይከላከልላችኋል። እንዲህ ያለ ቢል ከመጣ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ።

ከለከሉኝ። አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቡት። "ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑ አልተረጋገጠም" ወይም "ሰነድ ጎድሏል" ካለ፣ የሚሞላ ክፍተት ነው። "ፕላኑ ይህን አይሸፍንም" ካለ ግን ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ ይግባኝ ብዙ ርቀት አያስኬድም፣ መንገዱ ኤች አር ወይም ሌላ ፕላን ነው።

ሰነድ ከጎደለ፣ ቀዶ ሐኪማችሁ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ እንዲነጋገር ጠይቁ። "ፒር ቱ ፒር" ይባላል። ያ ካልሠራ በጽሑፍ ይግባኝ በሉ። ክልከላው ከደረሳችሁ ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ። ኦፕራሲዮኑ ገና ስላልተሠራ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። የውሳኔውን ሙሉ ፋይልና የተጠቀሙበትን መስፈርት በነፃ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ከዚያ መስፈርቱን አንድ በአንድ እያነሳችሁ፣ ማስረጃው የቱ ገጽ ላይ እንዳለ አሳዩ። የኔ ደብዳቤ አንድ ገጽ አልሞላም ነበር። "የአራተኛው ወር ክብደት ተያይዟል" የሚል ነበር ዋናው ነገር። በሦስተኛው ሳምንት ፈቀዱ።

ያም ካልሆነ ከኢንሹራንሱ ውጪ በሆነ ገለልተኛ አካል እንዲታይ በአራት ወር ውስጥ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ቦታ ነፃ ነው፤ ቢያስከፍሉም ከ25 ዶላር አይበልጥም። በ45 ቀን ውስጥ ይወስናሉ፣ ውሳኔውም ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል። ይህ ግን የሚሠራው ክርክሩ በሕክምናው አስፈላጊነት ላይ ሲሆን ነው።

ፈቃድ አግኝቼ ሥራ ብቀይርስ?

ፈቃዱ አብሮ አይሄድም። አዲሱ ኢንሹራንስ የራሱን መስፈርት ይጠይቃል። ዳይቱን የተከታተላችሁበትን መዝገብ ግን ብዙዎቹ ይቀበላሉ፤ ቅጂው በእጃችሁ ይኑር። አሮጌውን ፕላን በኮብራ (ሥራ የለቀቀ ሰው ፕላኑን እንዲያቆይ በሚፈቅደው ሕግ) ለ18 ወር ማቆየት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀጣሪው ይከፍል የነበረውንም ጨምራችሁ እስከ 102 በመቶ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለአንድ ሁለት ወር ኦፕራሲዮኑን ለመጨረስ ከሆነ አንዳንዴ ያዋጣል። ፈቃዱ ላይ የሚያበቃበት ቀን መኖሩንም አትርሱ።

ቤተሰቤ ሳያውቅ ማሠራት እችላለሁ?

ሐኪምና ኢንሹራንስ በመርህ ደረጃ ያለ ፈቃዳችሁ ለቤተሰብ መናገር አይችሉም። ቀዳዳው ፖስታው ነው። በባላችሁ ወይም በወላጆቻችሁ ኢንሹራንስ ሥር ከሆናችሁ፣ የተደረገውን ሕክምና የሚዘረዝረው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ለባለ ፕላኑ ይላካል። በአባቷ ፕላን ላይ ያለች የ24 ዓመት ልጅ በዚህ ልትታወቅ ትችላለች። ኢንሹራንሱ ጋ ደውላችሁ ወረቀቱ በሌላ አድራሻ ወይም በኢሜይል ለናንተ ብቻ እንዲመጣ በጽሑፍ ጠይቁ። ኦፕራሲዮኑ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብላችሁ ይሁን።

እናቴ ለጉብኝት መጥታለች። ለእሷስ?

የጎብኚ ኢንሹራንስ ለድንገተኛ ሕመምና ለአደጋ ነው። ይህን አይከፍልም። አዲስ ግሪን ካርድ ያገኛችሁ ደግሞ በብዙ ስቴት ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ማርኬትፕሌስ ላይ ግን ፕላን መግዛት ትችላላችሁ።

ሜክሲኮ ወይም ቱርክ ሄጄ ባሠራውስ?

አሜሪካ ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ ከኪስ ከተከፈለ ከ15,000 እስከ 25,000 ዶላር አካባቢ ስለሚሆን ወደ ሜክሲኮዋ ከተማ ቲኋና የሚሄዱ ብዙ ናቸው። በደህና ተሠርተው የመጡ አውቃለሁ፤ አልፈርድም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ስልክ ደውሉ፦ "በፕላኔ ያልተሸፈነ ኦፕራሲዮን ችግር ቢያመጣ ሕክምናውን ትከፍላላችሁ?" የማይከፍሉ ፕላኖች አሉ። እዚህም የሌላ ሐኪም ሥራ ለመከታተል የማይፈልጉ ቀዶ ሐኪሞች አሉ። የስፌቱ መስመር ቢያፈስ ሆስፒታል መተኛት የግድ ነው። ያ ቢል ከኦፕራሲዮኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ክብደቴ ተመልሶ ቢመጣ ድጋሚ ይከፍላሉ? የተንጠለጠለውን ቆዳስ?

ድጋሚው ከባድ ነው። "በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ" የሚሉ ፕላኖች አሉ። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ችግር አምጥቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከስሊቭ በኋላ በመድኃኒት የማይመለስ ከባድ ቃር፣ ወደ ባይፓስ ለመቀየር የተሻለ ዕድል አለ። ምክንያቱ ኪሎ መመለሱ ብቻ ከሆነ እንደገና ክትትል ይጠይቃሉ።

ቆዳው ላይ ሁለት ኦፕራሲዮኖች አሉ። ሆድን ለማሳመር ጡንቻውንም የሚያጠብቀው አይሸፈንም። የተንጠለጠለውን የታችኛውን ቆዳ ብቻ የሚያነሳው ግን ሊሸፈን ይችላል። ከቆዳው ሥር በተደጋጋሚ ሽፍታ ወይም ኢንፌክሽን መኖሩ፣ ለወራት በቅባት ታክሞ አለመዳኑ፣ ክብደቱም ለተወሰኑ ወራት ባለበት መቆየቱ መታየት አለበት። ፎቶም ይጠይቃሉ። እኔ ሽፍታውን አፍሬ ለስድስት ወር ከፋርማሲ በገዛሁት ቅባት ዝም ብዬ ስቀባ ነበር። ሐኪም ጋ ስላልሄድኩ ያ ስድስት ወር አልተቆጠረልኝም። አሁን በሐኪም ትእዛዝ እየተቀባሁ ነው፤ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ።